«ከምኑ?» ብለን እንጀምር፦ ንጥጥር፣ ምጣኔና መቶኛ በፎገራ ማሳ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ክረምት ሲገባ አብዛኞቻችን ወደየቤታችን እንመለሳለን። ቤት ስንደርስ ደግሞ ታናናሾቻችን፣ የጎረቤት ልጆችና የመድረሳ ተማሪዎች የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች አብዝተው የሚቸገሩበት ምዕራፍ ንጥጥር (በተለምዶ ሬሾ የምንለው)፣ ምጣኔና መቶኛ ያለበት ነው። ሒሳቡ ራሱ ከባድ ሆኖ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል የሚችል ልጅ ሁሉ ይሠራዋል። የሚያስቸግረው ቁጥሩ ከምን ጋር እንደሚነጻጸር መለየት ነው።

እኛ ወረታና ፎገራ ያደግን ተማሪዎች ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ደግሞ መድረሳ ስንማር፣ «10 ፐርሰንት» በአንዱ ደብተር፣ «ዑሽር» በሌላው ደብተር ይጻፍ ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር መሆናቸውን የሚያገናኝልን ትምህርት ግን እምብዛም አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ደብተሮች አንድ ላይ እንከፍታለን። ምሳሌዎቹን የምንወስደው ተማሪው በዓይኑ ከሚያውቀው ነው፦ ከሩዝ፣ ከማዳበሪያ፣ ከውኃ ፓምፕ፣ ከሽንኩርት ገበያ፣ ከከብትና ከዘካ። በምሳሌዎቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎችና የምርት መጠኖች ለሒሳቡ እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አስተማሪው የሰሞኑን የአካባቢውን ዋጋ ተክቶ ይሥራባቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንዲት ጥያቄ እንያዝ፦ «ከምኑ?»። መቶኛም ሆነ ሲሶ፣ ዑሽርም ሆነ ቅናሽ ብቻውን አይቆምም፤ ሁልጊዜ የአንድ ነገር መቶኛ ነው፣ የአንድ ነገር ሲሶ ነው። ይህን ጥያቄ የለመደ ተማሪ የምዕራፉን ግማሽ ጨርሷል።

1. ንጥጥር፦ ክፍል ከክፍል ወይስ ክፍል ከጠቅላላ?

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት፣ ክረምት ላይ ውኃ የሚተኛበት ምድር ነው። ውኃው ለሌላ ሰብል ቢያስቸግርም ለሩዝ ተስማምቶታል። ዛሬ ፎገራ ሲነሳ ሩዝ አብሮ ይነሳል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚያው ነው። ስለዚህ የወረታ ልጅ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረውም።

እንግዲህ 3 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ መፈልፈያ ገብቶ 2 ኩንታል ነጭ ሩዝ ወጣ እንበል። ቀሪው 1 ኩንታል ገለፈትና ፉርሽካ ነው። ተማሪውን ሁለት ጥያቄ እንጠይቀው።

አንደኛ፦ የነጩ ሩዝና የገለፈቱ ንጥጥር ስንት ነው? መልሱ 2 ለ 1 ነው። ይህ ክፍልን ከክፍል ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛ፦ ነጩ ሩዝ ከገባው ሩዝ ስንት እጅ ነው? መልሱ 2 ለ 3፣ በመቶኛ ሲሆን 66.7 ገደማ ነው። ይህ ክፍልን ከጠቅላላው ጋር ማነጻጸር ነው።

ብዙ ተማሪ «2 ለ 1» የሚለውን አይቶ «ነጩ ሩዝ ግማሹ ነው» ይላል። ስሕተቱ «ከምኑ?» ሳይል መቸኮሉ ነው። 2 ለ 1 ሲባል ጠቅላላው 2 ሲደመር 1፣ ማለትም 3 እጅ ነው። በፈተና ላይ «ገንዘቡን በ2 ለ 1 አካፍሉ» ሲባልም መጀመሪያ እጆቹን መደመር፣ ከዚያ ገንዘቡን ለድምሩ ማካፈል፣ በመጨረሻም የየአንዳንዱን እጅ ማባዛት ነው። 12,000 ብር በ2 ለ 1 ሲካፈል የአንዱ እጅ ዋጋ 4,000 ይሆናል፤ ስለዚህ አንዱ 8,000፣ ሌላው 4,000 ብር ይደርሰዋል።

አሁን ንጥጥሩን ለውሳኔ እንጠቀምበት። ያልተፈለፈለው ሩዝ በኩንታል 4,000 ብር፣ ነጩ ሩዝ በኩንታል 6,500 ብር ይሸጣል፤ ማስፈልፈያ ለገባው ኩንታል 150 ብር ነው እንበል። አንድ ገበሬ 3 ኩንታል ይዟል። አስፈልፍሎ ይሽጥ ወይስ እንዳለ?

እንዳለ ቢሸጥ፦ 3 × 4,000 = 12,000 ብር።
አስፈልፍሎ ቢሸጥ፦ 2 × 6,500 = 13,000 ብር፤ ማስፈልፈያ 3 × 150 = 450 ብር ሲቀነስ 12,550 ብር።

ትርፉ 550 ብር ነው። ላይ ላዩን ሲታይ በኩንታል 2,500 ብር የሚያተርፍ መስሎት ነበር፤ ግን የሚያወዳድረው አንድ ኩንታል ነጭ ሩዝ ከአንድ ኩንታል ተኩል ያልተፈለፈለ ሩዝ እንደሚወጣ ረስቶ ነው። ከዚህ አንድ ቀላል ሕግ ይወጣል፦ ንጥጥሩ 2 ለ 3 እስከሆነ ድረስ የነጩ ዋጋ ካልተፈለፈለው ዋጋ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካልሆነ፣ ማስፈልፈል ከሩዙ ብቻ ትርፍ የለውም። ሩዙ በመፈልፈያ ውስጥ ከተሰባበረ ወይም በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ንጥጥሩ ራሱ ይለወጣል፤ ያኔ ሒሳቡ እንደገና ይሠራል።

እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ

አያቶቻችን ንጥጥርን ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት ያውቁታል። «የእኩል አራሽ»፣ «ሲሶ»፣ «እርቦ» የሚሉት ቃላት 1/2፣ 1/3 እና 1/4 ናቸው። ማሳውን ለሌላ ሰው በሲሶ የሰጠ ባለመሬት ከምርቱ አንድ ሦስተኛውን ይወስዳል። ምርቱ 24 ኩንታል ቢሆን 8 ኩንታል ማለት ነው። ነገር ግን «ከምኑ?»። ለዘርና ለማዳበሪያ የወጣው 3 ኩንታል አስቀድሞ ይነሳል ከተባለ ሲሶው ከ21 ኩንታል ነው፤ 7 ኩንታል ይሆናል። የአንድ ኩንታል ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ አይደለም። በጎረቤት መካከል የሚነሳው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዱ ስለዋሸ ሳይሆን ሁለቱ በልባቸው የተለያየ «ከምኑ» ይዘው ስለተስማሙ ነው።

በዲናችንም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን መሬት ለነዋሪዎቹ በምርቱ እኩሌታ መስጠታቸው ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ውል የሚፈቅዱ ዑለማዎች ድርሻው እንደ እኩል፣ ሲሶና እርቦ የታወቀ ክፍልፋይ እንዲሆን ይጠይቃሉ፤ «ምርቱ ምንም ይሁን ምን 5 ኩንታል ለእኔ» ማለትን አይቀበሉም። ምክንያቱን የሒሳብ ተማሪ በቀላሉ ያየዋል። ክፍልፋይ ከሆነ ጥጋቡም ረሃቡም ለሁለቱም በንጥጥሩ ልክ ይደርሳል። ቁርጥ ኩንታል ከሆነ ግን ጎርፍ ማሳውን በበላበት ዓመት ጉዳቱ በአንዱ ትከሻ ላይ ብቻ ያርፋል።

2. ምጣኔ፦ ለአንድ ስንት?

ንጥጥር አንድ ዓይነት ነገሮችን ያነጻጽራል፤ ኩንታልን ከኩንታል። ምጣኔ ግን ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን ያገናኛል፦ ኪሎ ለሄክታር፣ ሊትር ለሰከንድ፣ ብር ለኪሎ። ዘዴው አንድ ነው፤ መጀመሪያ «ለአንድ ስንት?» ብለን እናገኛለን፣ ከዚያ በሚፈለገው ብዛት እናባዛለን።

ማዳበሪያ። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ 50 × 0.46 = 23 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 50 ኪሎ ኤንፒኤስ ውስጥ ደግሞ 50 × 0.19 = 9.5 ኪሎ ናይትሮጅን እናገኛለን። «ማዳበሪያ ያው ማዳበሪያ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላውን በእኩል ኪሎ እንተካ» የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡ ይመልስለታል፦ በ50 ኪሎ ዩሪያ የሚገኘውን 23 ኪሎ ናይትሮጅን ከኤንፒኤስ ለማግኘት 23 ÷ 0.19፣ ማለትም 121 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ኤንፒኤስ ፎስፈረስና ሰልፈር ይጨምራል፤ የሚሰጠው አገልግሎት ሌላ ነው።

ተማሪውን አንድ እርምጃ ወደፊት እንውሰደው። 100 ኪሎ ኤንፒኤስና 50 ኪሎ ዩሪያ ቢቀላቀሉ ድብልቁ ስንት በመቶ ናይትሮጅን አለው? ፈጣኑ ልጅ 19ንና 46ን ደምሮ ለሁለት በማካፈል 32.5 ይላል። ትክክለኛው መንገድ ግን ናይትሮጅኑን በኪሎ መቁጠር ነው፦ 19 ሲደመር 23 ይሆናል 42 ኪሎ፤ ይህም ከ150 ኪሎ 28 በመቶ ነው። መቶኛዎች በቀጥታ ተደምረው ለሁለት የሚካፈሉት መሠረታቸው እኩል ሲሆን ብቻ ነው። አንድ ተማሪ በሁለት ፈተና ያገኘውን ፐርሰንት ሲያማክልም ይኸው ሕግ ይሠራል።

ውኃ። ሩዙ ከተነሳ በኋላ ብዙ ገበሬ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ በፓምፕ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። አንድ ፓምፕ በሰከንድ 8 ሊትር ይስባል እንበል። ማሳው አንድ ጥማድ ነው፤ አራቱን ጥማድ አንድ ሄክታር ብለን ብንገምት 2,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማሳው ላይ 40 ሚሊ ሜትር ውኃ ማዳረስ ቢፈለግ ፓምፑ ስንት ሰዓት ይሠራል?

መጀመሪያ የውኃው መጠን። 1 ሚሊ ሜትር ውኃ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ልክ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 2,500 × 40 = 100,000 ሊትር።
ቀጥሎ የፓምፑ ምጣኔ በሰዓት። 8 × 3,600 = 28,800 ሊትር።
በመጨረሻም 100,000 ÷ 28,800 = 3.47 ሰዓት።

እዚህ ላይ ብዙዎች «3 ሰዓት ከ47 ደቂቃ» ብለው ይጽፋሉ። 0.47 የምን 0.47 ነው? የሰዓት ነው፤ ሰዓት ደግሞ 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለም። 0.47 × 60 = 28 ደቂቃ ገደማ። መልሱ 3 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ነው። ፓምፑ በሰዓት 0.9 ሊትር ነዳጅ የሚበላ ከሆነ 3.47 × 0.9 = 3.1 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል።

ጎረቤት ተመሳሳይ ፓምፕ ይዞ ቢያግዝስ? ሁለት ፓምፕ ሥራውን በግማሽ ጊዜ፣ በ1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይጨርሳል። የፓምፑ ብዛትና ጊዜው ኢ-ርቱዕ ወደረኛ ናቸው ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው በዚያው ልክ ይቀንሳል። የነዳጁ ጠቅላላ መጠን ግን ያው 3.1 ሊትር ነው፤ እያንዳንዱ ፓምፕ ግማሽ ጊዜ ሠርቶ ግማሹን ይበላል። ተማሪው ጊዜው በግማሽ ስለቀነሰ ነዳጁም ይቀንሳል ብሎ እንዳይቸኩል ይህን አስረግጠን እናሳየው።

አራቱ ቁጥሮች። ሦስቱ ታውቀው አራተኛው የሚፈለግበትን ይህን ዓይነት ጥያቄ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚም በአል-ጀብር መጽሐፉ ውስጥ አካትቶታል። ስለ ንግድ ልውውጥ በጻፈው አጭር ክፍል መለኪያን፣ ዋጋን፣ የሚፈለገውን ብዛትና የሚከፈለውን ገንዘብ እንደ አራት ተወዳዳሪ ቁጥሮች ያያቸዋል፤ ከመጽሐፉ ሰፊ ድርሻ የያዘው ደግሞ የኑዛዜና የውርስ ክፍፍል ሒሳብ ነው። አልጄብራ የሚለው ስም ከዚያ መጽሐፍ የመጣ ነው። ለታናናሾቻችን ይህን መንገር ያበረታታቸዋል፤ በደብተራቸው ያለው ሒሳብ የገበያና የውርስ ሐቅን ለመጠበቅ ሲሠራበት የኖረ እውቀት ነው።

3. መቶኛ፦ መሠረቱ ሲለወጥ

መቶኛ ማለት ጠቅላላውን 100 አድርገን የምናይበት ንጥጥር ነው። እዚህ «ከምኑ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም መሠረቱ በመንገድ ላይ ይለወጣል።

ሽንኩርት በኪሎ 40 ብር ነበር። 25 በመቶ ጨመረ፤ 50 ብር ሆነ። በሳምንቱ 25 በመቶ ቀነሰ። ወደ 40 ተመለሰ? አልተመለሰም። የሁለተኛው 25 በመቶ ከ50 ነው፤ 12.50 ብር ይቀንሳል፣ ዋጋው 37.50 ይሆናል። ከ50 ወደ 40 ለመመለስ የሚበቃው የ20 በመቶ ቅናሽ ነው።

ቫትም እንዲሁ ነው። በአገራችን የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ደረሰኝ ላይ ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ቢጻፍ ቫቱ ስንት ነው? የ1,150ን 15 በመቶ ሠርቶ 172.50 የሚል ተማሪ ይሳሳታል። 15 በመቶው የተሰላው ከመነሻ ዋጋው ነው። ስለዚህ 1,150 ÷ 1.15 = 1,000፤ ቫቱ 150 ብር ነው።

ነጋዴው በ80 ብር የገዛውን በ100 ብር ቢሸጥ ትርፉ 20 ብር ነው። ከገዛበት 25 በመቶ፣ ከሸጠበት ግን 20 በመቶ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ውሸት የሚሆነው «ከምኑ» ሳይነገር አንዱ በሌላው ቦታ ሲቀርብ ነው።

በዚሁ ምዕራፍ የመማሪያ መጽሐፉ ወለድን ያመጣል፤ የመድረሳ ልጆችም «ይህን መማር ይፈቀዳል ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። ሒሳቡን ማወቅ መፈጸም አይደለም፤ እንዲያውም ሪባን ከሐላል ትርፍ ለመለየት ይረዳል። ሁለት ውሎችን እናነጻጽር። አንዱ ሰው 100,000 ብር ሰጥቶ «ከገንዘቤ 8 በመቶ ትከፍለኛለህ» ይላል። ሌላው 100,000 ብር በሙዷረባ ሰጥቶ «ከሚገኘው ትርፍ 40 በመቶው የእኔ ነው» ይላል። ንግዱ 20,000 ብር ቢያተርፍ ሁለቱም 8,000 ብር ያገኛሉ። ቁጥሩ አንድ ነው። ንግዱ ምንም ባያተርፍ ግን የመጀመሪያው 8,000 ብሩን ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ምንም አይወስድም። ልዩነቱ የመቶኛው መሠረት ላይ ነው፤ የአንዱ መሠረት ዋናው ገንዘብ፣ የሌላው መሠረት የተገኘው ትርፍ። ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች የትርፍ መጋራት ውል በንጥጥር የሚጻፈውም ለዚህ ነው።

4. ሦስቱም በአንድ ላይ፦ የሩዝ ዘካ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በዝናብ ብቻ ያደገ እህል ዘካው ዑሽር፣ ማለትም 10 በመቶ ነው። ገበሬው ወጪና ድካም አውጥቶ ያጠጣው ከሆነ የዑሽር ግማሽ፣ 5 በመቶ ነው። በሁለቱም እኩል ከተጠቀመ ዑለማዎች 7.5 በመቶ ይላሉ። ኒሷቡ በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ 5 ወስቅ ነው፤ 1 ወስቅ 60 ሷዕ ስለሆነ 300 ሷዕ ይሆናል። ኢማም አቡ ሐኒፋ በበኩላቸው ለምርት ዘካ ኒሷብ አያስፈልግም ብለዋል። ሷዕ የስፍር መለኪያ እንጂ የክብደት አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ኪሎ ሲለወጥ እንደ እህሉ ይለያያል። በዘመናችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት 653 ኪሎ ነው። ለምሳሌያችን እሱን እንውሰድ።

ጥያቄ አንድ፦ ኒሷቡ ከምኑ ይቆጠራል? 9 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ያገኘ ገበሬ 900 ኪሎ ከ653 ስለሚበልጥ ኒሷብ ሞላ ይላል። ነገር ግን በ2 ለ 3 ሲፈለፈል 600 ኪሎ ነጭ ሩዝ ነው፤ ከ653 ያንሳል። በፈለፈሉት ሩዝ የሚቆጠር ከሆነ ኒሷብ የሚሞላው ያልተፈለፈለው 653 × 3/2፣ ማለትም 980 ኪሎ ገደማ ሲደርስ ነው። የሻፊዒ መዝሀብ ፉቀሃዎች ከነገለፈቱ ለሚቀመጥ ሩዝ ኒሷቡን 10 ወስቅ አድርገውታል፤ በዚሁ ግምት 1,306 ኪሎ ነው። ይህ ማለት ንጥጥሩን 1 ለ 2 አድርገው ወስደዋል ማለት ነው። የፊቅህ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ይህች ሕግ የንጥጥር ጥያቄ ናት።

ጥያቄ ሁለት፦ ኒሷቡ ከሞላ ዘካው ከትርፉ ነው ወይስ ከጠቅላላው? የምርት ዘካ ከጠቅላላው ነው። ኒሷብ መግቢያ በር ነው፤ አንዴ ከተገባ የሚሰላው ከበሩ በላይ ካለው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ ሦስት፦ የሚሰጠው ከየትኛው ሩዝ ነው? በዝናብ 18 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ያገኘ ገበሬ እንውሰድ። ሲፈለፈል 12 ኩንታል ነጭ ይሆናል። ዑሽሩ፦

ካልተፈለፈለው፦ 18 × 0.10 = 1.8 ኩንታል።
ከነጩ፦ 12 × 0.10 = 1.2 ኩንታል።

ሁለቱ አንድ ናቸው፤ 1.8 × 2/3 = 1.2። ችግር የሚመጣው ሒሳቡ በነጭ ሩዝ ተሠርቶ ከጎተራ የሚሰፈረው ያልተፈለፈለ ሩዝ ሲሆን ነው። 1.2 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ቢሰጥ፣ ሚስኪኑ ዘንድ ደርሶ ሲፈለፈል 0.8 ኩንታል ይሆናል። የጎደለው 0.4 ኩንታል፣ 40 ኪሎ ነው። ከሚገባው ከ1.2 ኩንታል አንጻር 33.3 በመቶ፤ የድሃው ሐቅ ሲሶው ቀረ ማለት ነው። ሰጪው በቅን ልቡ «ዑሽሬን አውጥቻለሁ» ብሎ ይተኛል። ሱረቱል ሙጦፊፊን ሰፍረው የሚያጎድሉትን ያስጠነቅቃል፤ እኛ ደግሞ ሳናውቅ ከማጉደል የምንድነው በትክክል በመቁጠር ነው።

የማዳበሪያና የጉልበት ወጪ አስቀድሞ ይነሳል ወይስ አይነሳም የሚለው ዑለማዎች የተለያዩበት ጉዳይ ነው። የእኛ የተማሪዎች ድርሻ ሁለቱንም ሠርቶ ልዩነቱን በኪሎ ማሳየት ነው፤ ፈትዋው የዑለማዎች ነው። አባቶቻችን ወደ አካባቢያቸው ዓሊም ሲሄዱ በእጃቸው የተጣራ ቁጥር ቢይዙ ጥያቄውም መልሱም ይቀላል።

ሁሉም ነገር ወደረኛ አይደለም። ፎገራ በሩዙ ብቻ ሳይሆን በስሙ በሚጠራው የከብት ዝርያም ይታወቃል። በግጦሽ የሚውሉ ከብቶች ዘካ ከ30 ጀምሮ አንድ ዓመት የሞላው አንድ ጥጃ ነው፤ 40 ሲሆኑ ሁለት ዓመት የሞላት አንዲት ጊደር። 39 ከብት ያለው ሰው የሚሰጠው 30 ካለው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ እዚህ ቋሚ መቶኛ የለም፤ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። የ30ውን ወደ 39 በወደር ለማስላት የሚሞክር ተማሪ 1.3 ጥጃ ያገኛል፤ ይህ መልስ ራሱ መንገዱ ስሕተት መሆኑን ይነግረዋል። ወደር ከመሥራታችን በፊት ነገሩ በእርግጥ ወደረኛ መሆኑን መጠየቅም የትምህርቱ ክፍል ነው።

5. ለሚያስጠኑ ወንድሞችና እህቶች

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ተማሪው እነዚህን አራት ደረጃዎች ይጻፍ፦

ሀ. «ከምኑ?» ጠቅላላው ወይም መሠረቱ ምንድን ነው?
ለ. መለኪያዎቹ አንድ ናቸው? ኩንታልና ኪሎ፣ ሰዓትና ደቂቃ ከተቀላቀሉ ወደ አንድ ይምጡ።
ሐ. የአንዱ እጅ ወይም የአንዱ መለኪያ ስንት ነው? ከዚያ ማባዛት።
መ. መልሱ ያስኬዳል? ነጩ ሩዝ ከገባው በልጦ ከወጣ፣ ቅናሹ ከዋጋው ከበለጠ፣ ወደ ሀ እንመለስ።

መለማመጃ

1. የጤፍና የሩዝ ዱቄት በ3 ለ 1 ተቀላቅሎ 20 ኪሎ የእንጀራ ዱቄት ተዘጋጀ። ሩዙ ስንት ኪሎ ነው?
2. በ75 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ስንት ኪሎ ናይትሮጅን አለ?
3. በሰከንድ 5 ሊትር የሚስብ ፓምፕ 2,500 ካሬ ሜትር ማሳን 30 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?
4. 15 በመቶ ቫትን ጨምሮ 920 ብር የተከፈለበት ሸሚዝ መነሻ ዋጋው ስንት ነው?
5. ገበሬው በራሱ ወጪ በፓምፕ አጠጥቶ 24 ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ አገኘ። ንጥጥሩ 2 ለ 3 ከሆነ ዘካው በነጭ ሩዝ ስንት ኪሎ፣ ባልተፈለፈለ ስንት ኪሎ ነው?

መልሶች፦ 1) 5 ኪሎ። 2) 34.5 ኪሎ። 3) 4 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። 4) 800 ብር። 5) 80 ኪሎ ነጭ፣ ወይም 120 ኪሎ ያልተፈለፈለ።

አምስተኛውን ጥያቄ ልጆቹ ቤታቸው ወስደው ከአባትና ከእናታቸው ጋር በራሳቸው ምርት እንዲሠሩት ብናደርግ መልካም ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የቤተሰቡን ዘካ በትክክል ማስላት ከቻለ ፈተናውን ማለፉ አያሳስብም፤ ኢንሻአላህ ከዚያም በላይ አጅር ያገኝበታል።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅመንን ያሳውቀን፣ ባሳወቀንም ይጥቀመን፤ በሚዛናችንና በሒሳባችን የሰው ሐቅ ከማጉደል ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።